የፓ ላምዱዋን አራት መልሶች

ላምዱዋን ሰው ሲጠይቃት አትወድም ነበር። ከልጅነቷም እንዲሁ ነበረች። መንገድ ላይ ያገኛት ጎረቤት «ወዴት ነሽ?» ሲላት፣ ሰላምታ መሆኑን ሕፃን እንኳ እያወቀው፣ እሷ ግን ቆም ብላ «ምን አስቦ ነው?» ትላለች በሆዷ። ከዚያ ገበያ እየሄደች «ወደ መነኮሳቱ» ብላ ታልፋለች። እናቷ ሩዝ እየለቀመች «ጠርጥሪ ልጄ፤ ከሩዝ ውስጥም አይታጣ ጠጠር» እያለች ነው ያሳደገቻት። ያቺ እናት ከሞተች ስንት ዘመን ሆናት፤ ቃሏ ግን ከላምዱዋን ጆሮ አልወጣም።

ፒቺት ከተማ፣ ናን በሚባለው ወንዝ ዳር ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ኑድል ስትሸጥ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ተማሪዎቹ «ፓ» ይሏታል፤ ከእናት በዕድሜ የምትበልጥ አክስት እንደምትጠራበት። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቿ ዛሬ ልጆቻቸውን እዚያው አስገብተዋል፤ የአባትየውን ጠባይ በልጁ አበላል ታውቀዋለች። መረቁን ጠጥቶ ኑድሉን የሚተው አባት፣ ልጁም መረቁን ጠጥቶ ኑድሉን ይተዋል።

መደቧ ከሁሉም የተመረጠ ነበር፤ ከምሰሶው አጠገብ፣ ከትልቁ ማራገቢያ ሥር። ከበላዩ ሟቹ ባሏ ሳኒት፣ በመልካም ስፍራ ይወለድና፣ በቀይ ቀለም የጻፈላት የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ «በእጅ የተወቀጠ የአሳማ ሥጋ ድብልብል» ይላል። «በእጅ» የምትለዋን ከሌሎቹ አተልቆ ነው የጻፋት። ያን ጊዜ የላምዱዋን እጅ እጅ ነበር። ሥጋውን ከበረዶና ከጨው ጋር ትወቅጠውና እያነሳች ገበቴው ላይ ታላጋዋለች፤ ክንዷ እስኪዝል፣ ሥጋው እንደ ጎማ እስኪሳብ። እንዲህ የተላጋ ድብልብል ጠረጴዛ ላይ ሲጣል ይነጥራል። ከዚህም የተነሳ በዚያ ትምህርት ቤት አንድ ልማድ ተፈጠረ። ፈተና ያለው ተማሪ ከመብላቱ በፊት አንዷን ድብልብል አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ይጥላታል፤ ከፍ ብላ ከነጠረች ፈተናው ቀና ማለት ነው። የሂሳብ መምህሩ እንኳ ባያምኑበትም ሲጣል ቆመው ያያሉ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን የላምዱዋን ቀኝ ትከሻ እምቢ አለ። ሐኪም ቤት ያለችው ነርስ «ከጆሮሽ በላይ እንዳታነሺው» አለቻት። አንድ ሰሞን በግራ እጇ ሞከረችው። ከዚያ አንድ ቀን በባቡር ወደ ታፓን ሂን ወረደችና እዚያ ገበያ ካለች አንዲት ሴት የተዘጋጀ ድብልብል በላስቲክ ገዝታ መጣች። ራቅ ያለ ከተማ የመረጠችው የሚያውቃት እንዳይኖር ነው። ከዚያ ወዲህ እየተመላለሰች ትገዛለች፤ ከላስቲኩ ወደ ራሷ ገበቴ ትገለብጠዋለች፣ ላስቲኩን አጣጥፋ ከበረዶው ሳጥን ሥር ትሸጉጠዋለች። ሰሌዳው እንደተሰቀለ ነው። ለሰው አልተናገረችም፤ ለእህቷም ቢሆን።

መንፈቁ ሲጀመር፣ ብርዱ እንደገባ፣ አዲስ የእንግሊዝኛ መምህርት መጣች። ክሩ አራያ ትባላለች፤ እዚያ መምህር ሁሉ «ክሩ» ነው የሚባለው። ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ከፒትሳኑሎክ ዩኒቨርሲቲ የወጣች ወጣት። በቀደመው ጊዜ እንግሊዝኛ ማለት ጮክ ብሎ በአንድ ድምፅ መድገም ነበር። ላምዱዋን ሽንኩርት እየከተፈች ከሰማችው ብዛት «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ» ማለቱን እሷም ለምዳዋለች፤ ክፍሉ በሙሉ እየታመመም እየተራበም ፋይን ነበር። ይቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ግን ያ ድምፅ ጠፋ። ከክፍሉ የሚወጣው ዝምታ ሆነ። ዝምታ ደግሞ ላምዱዋንን ከጩኸት ይበልጥ ያስጨንቃታል።

ይባስ ብላ ክሩ አራያ የዕረፍት ሰዓቷን በመምህራን ክፍል አታሳልፍም። ወረቀቷን ተሸክማ ትመጣና ከላምዱዋን መደብ ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋዋለች። ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ ቀና ብላ ታያለች። ምን ታያለች? ልጆቹን ታያለች ቢባል፣ ልጆቹ ደግሞ በላምዱዋን ፊት ነው የሚሰለፉት።

«ምን እየጻፉ ነው፣ ክሩ?» አለቻት አንድ ቀን፣ ሳህኑን እያስቀመጠችላት።

«አዲስ ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው፣ ፓ። የአሥር ሳምንት። ተማሪው ራሱ ጥያቄ ያነሳል፣ መልሱን ራሱ ሄዶ ይፈልጋል፣ ያገኘውን በእንግሊዝኛ ይናገራል።»

«መምህሩስ ምን ይሠራል?»

ክሩ አራያ ሳቀች። «እሱን ነው እኔም የምሰርዘው።»

ላምዱዋን አልሳቀችም። መልሱን የሚያውቅ መምህር ተቀምጦ ተማሪ መልስ ፍለጋ የሚዞርበት ትምህርት የት አገር ነው ያለው? ከጀርባው ነገር አለ።

ነገሩን የነገረቻት ደግሞ ጄ ሙይ ናት። ጄ ሙይ ከጎኗ የበረዶ ሻይና የፍራፍሬ ጭማቂ ትሸጣለች፤ የማራገቢያው ነፋስ ጫፉ ብቻ ነው እሷን የሚነካት፣ ይህንንም ሃያ ሰባት ዓመት አልረሳችውም።

«ሰማሽ?» አለች ጄ ሙይ፣ ብርጭቆ እያደረቀች። «ዘንድሮ ኮሚቴው መደቦቹን እንደ አዲስ ሊያይ ነው። መንፈቁ ሲያልቅ። የሚለጥፈውና የሚሸጠው ያልተስማማ ይነሳል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ምክትል ርዕሰ መምህሩ። ያቺ አዲሷ ክሩም ኮሚቴ ውስጥ ገብታለች።» ጄ ሙይ ሰሌዳውን ቀና ብላ አየችው። «አንቺ ምን ቸገረሽ፣ እኅቴ። የአንቺ በእጅ ነው።»

ጄ ሙይ ታውቅ ይሆን? ላምዱዋን ያን ቀን መረቁ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረች።

በአራተኛው ሳምንት ጠያቂዎቹ መጡ። መጀመሪያ የመጡት ሸሚዛቸው የተተኮሰ አራት ወንዶች ናቸው፣ ደብተር ይዘው። እጃቸውን አጋጥመው ሰላምታ ሰጡና አንደኛው ከወረቀት አነበበ። «ፓ፣ ድብልብሉን እንዴት ነው የሚሠሩት?»

የላምዱዋን ልብ ስንጥቅ አለ። ፊቷ ግን ፈገግ እንዳለ ነው። እዚያ አገር ጠያቂን ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው፤ ደስ የሚለውን ሰጥቶ መሸኘት ነው ወጉ። አየቻቸው። ጥፍራቸው ንጹሕ ነው። ንጽሕና ሊመረምሩ ነው የተላኩት አለች በልቧ። «እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፣ ጓንት አደርጋለሁ፣ ከዚያ በሙቀጫ እወቅጣለሁ» አለቻቸው። ጻፉና አመስግነው ሄዱ።

በማግሥቱ ሦስት ሴቶች መጡ፤ የባህል ጭፈራ ቡድን ውስጥ ያሉ። ለእነሱ ከአያቷ የወረሰችው የድንጋይ ሙቀጫ እንዳለ፣ ሲወቀጥ እንደ ከበሮ እንደሚሰማ ነገረቻቸው። አያቷ ግን ዓሣ ነበር የምትሸጠው። ሦስተኛዎቹ ሞተር ሳይክል የሚፈቱ የሚገጥሙ ልጆች ናቸው፤ ለእነሱ ማሽን ገዝታለች። እንዲያውም «ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?» ሲሏት «ደህና ፈረስ ነው» አለቻቸው። አራተኛዋ ታንግሞ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፤ ከአያቷ ጋር ከወንዙ ማዶ የምትኖር፣ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። ይቺ ልጅ ወረቀት አላነበበችም። ዓይን ዓይኗን እያየች «ፓ፣ አሁንም እርስዎ ነዎት የሚወቅጡት?» አለች።

አሁንም። ያቺ ቃል ላምዱዋንን እንደ እሾህ ወጋቻት። «የእህቴ ልጅ ታግዘኛለች» አለች ቶሎ ብላ። «ጠንካራ ናት።»

ታንግሞ ጻፈች፤ ከዚያ የጻፈችውን ለጥቂት ጊዜ አየችው።

በሳምንቱ ክሩ አራያ አራት ወረቀት ይዛ መጣችና ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው።

«ፓ፣ አራት ቡድን ልኬ አራት መልስ ይዘው መጡ።»

«እንግዲያው ልጆቹ አይሰሙም ማለት ነዋ» አለች ላምዱዋን። «የኛ ዘመን ልጅ አንድ ነገር ቢነግሩት አንድ ነገር ነበር የሚሰማው።»

«ይሰማሉ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ክሩ አራያ ከትምህርቱ ዕቅድ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ በመስመር ሰረዘች። «በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ ብላቸው አንድ እጅ አልወጣም። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ እጁን አወጣና ‹ክሩ፣ ምን ብለን እንጠይቅ?› አለኝ። በሦስተኛው ጥያቄ አገኙ ብዬ ደስ አለኝ። ግን የማያውቁት ሰው ፊት ደብተር ይዘው ቢገተሩ ማን ልቡን ይሰጣቸዋል? እርስዎ አስተማሩኝ፣ ፓ።»

«እኔ ምንም አላስተማርኩም።»

«ከሰኞ ጀምሮ ደብተር አይዙም። መጥተው ሳህን ያጥባሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ምንም አይጠይቁዎትም። ቢፈቅዱልኝ ነው።»

እምቢ ብትል ምን ትደብቂያለሽ ልትባል ነው። «ይምጡ» አለች። በሆዷ ግን ሌላ ነው። የሚጠይቅ ሌባ በር ያንኳኳል፤ የማይጠይቀው ግን ገብቶ ቁጭ ይላል።

መጡም። በየተራ በየቀኑ። እውነቷን ለመናገር ላምዱዋን እንዲያ ያለ እርዳታ ካገኘች ዘመን ነበራት። ሳኒት በሕይወት ሳለ እንጂ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው አጠገቧ ቆሞ ሽንኩርት ልጦ አያውቅም። ልጆቹ ስለ ፍቅር ያወራሉ፣ ስለ መምህራኑ አካሄድ ይቀልዳሉ፤ ሳታስበው ትስቅና ደግሞ ትዝ ሲላት ከንፈሯን ትሰበስባለች። የበረዶውን ሳጥን ማንም እንዳይነካ አዘዘች። «ጀርባችሁ ይታመማል» አለቻቸው። ወጣት ጀርባ።

አንድ ሐሙስ ደንበኛ በዛ፣ በረዶ አለቀ። ላምዱዋን መረቅ እየቀዳች ዘወር ስትል ታንግሞ ሳጥኑን ከፍታ ተንበርክካለች። በእጇ የታጠፈው ላስቲክ አለ፤ የታፓን ሂን ሴትዮ ስምና የአሳማ ሥዕል ያለበት። ተያዩ። ልጅቷ ላስቲኩን በነበረበት እጥፋት አጥፋ፣ በነበረበት አስገብታ፣ በረዶውን ይዛ ተነሳች።

ይኼ ዝምታ ነው ላምዱዋንን እንቅልፍ የነሳት። ምን ፈልጋ ነው የማትናገረው? በማግሥቱ ለታንግሞ ሳህን ሁለት ድብልብል ጨመረችላት። ልጅቷ ሁለቱን በማንኪያ አውጥታ መለሰችላት። «የሌላ ሰው ይጎድላል፣ ፓ» አለች። እንግዲህ ጉቦም አትቀበል። ጉቦ የማይቀበል ጠላት ከሁሉም የከፋ ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጠፈ። ሁሉ ነገሩ እንግሊዝኛ ነው። መሐሉ ላይ ክብ ነገር፣ ከጎኑ ማስመሪያ፣ ከሥሩ ቁጥር ተሥሏል። ላምዱዋን አልፋ ሄደች፣ ተመልሳ መጣች። ደንበኛ ጋብ ሲል ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ላጠችና አጣጥፋ በሽርጧ ሥር ይዛ ወደ በሩ ዘበኛ ሄደች።

ዘበኛው ሉንግ ፕራሶፕ በወጣትነቱ ታክሊ በነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ሳህን ያጥብ ነበር። እንግሊዝኛ አውቃለሁ ይላል፤ እስከዚያ ቀን ግን ማንም ፈትኖት አያውቅም።

«ምን ይላል?»

«አስቀድሞ ከየት አመጣሽው?»

«ወድቆ አግኝቼው ነው።»

ሉንግ ፕራሶፕ አራቱን የማጣበቂያ ቁራጮች አየ፣ እሷን አየ፣ መነጽሩን አደረገ። ብዙ ቆየ። «‹ጥያቄ› ይላል። ‹የፓ ላምዱዋን ድብልብል ለምን ድሮ እንደነበረው አይነጥርም?› ይላል። ይኼ ቁጥር የነጠረበት ነው። አራት ጣት። ሦስት ጣት።» ከዚያ ቀና አለ። «ድሮ እስከ አፍንጫ ነበር እኮ የሚነጥረው።»

«የማይመለከትህን አትናገር።»

«አንቺ አይደለሽም አንብብልኝ ያልሽው?»

ወረቀቱን ቀማችው። ሁሉም ነገር አሁን ልክ ገባ። ጥርጣሬዋ ትክክል ነበር፤ ይኼው ነው። ግን ትክክል መሆኗ ደስ አላሰኛትም። ወረቀቱን መልሳ ለጠፈችው፤ ትንሽ ዘሞ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ታንግሞና ጓደኞቿ በሁለት እጃቸው የግብዣ ካርድ ይዘው መጡ። ክሩ አራያ ትምህርቱን ስታስተካክል አንድ ነገር ጨምራ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን ጠያቂው ብቻ ሳይሆን ተጠያቂውም ይምጣ፣ ስለ እሱ የሚባለውን ይስማ የሚል። ካርዱ ላይ በእጅ የተሣለ ድብልብል አለበት። አዳራሹ ውስጥ ኮሚቴው በሙሉ ይገኛል። ላምዱዋን ካርዱን እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ተቀበለችው።

በዚያ ዕለት ጎህ ሲቀድ ተነሳች። ትኩስ ሥጋ ገዝታ ነበር። ሙቀጫውን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች፤ ሸረሪት አድርቶበታል። ወቀጠች። ከዚያ እያነሳች ማላጋት ጀመረች፤ በግራዋ፣ ሲደክማት በቀኟ፣ ትከሻዋ እንደ ጋለ ብረት እስኪሆን። የገዛችው ሥጋ ለሃምሳ ድብልብል ይበቃ ነበር። ክንዷ የቻለላት ዘጠኝ ነው። ዘጠኙን ቀቅላ በትንሽ ሳህን አደረገቻቸው። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ ልጆቹ አይነጥርም ካሉ ከነዚህ አንዱን ኮሚቴው ፊት ትጥላለች፣ ያበቃለታል።

አዳራሹ ሞልቷል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፊት ተቀምጠዋል፤ ጄ ሙይ ሻዩን ትታ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። ላምዱዋን ሳህኗን በጨርቅ ሸፍና ከሉንግ ፕራሶፕ ጎን ተቀመጠች። ታንግሞና ሁለቱ ጓደኞቿ ወጡ። በእንግሊዝኛ ተናገሩ፤ ቀድማ አፏን የከፈተችው ታንግሞ ናት።

«ምን አለች?» ላምዱዋን ክርኑን ነካችው።

«አራት ጊዜ ጠየቅን፣ አራት መልስ አገኘን ትላለች።»

ሰዎች ሳቁ። ላምዱዋን የጨርቁን ጫፍ ጨበጠች። አሁን ላስቲኩን ታወጣለች። አሁን።

«ቀጥላስ?»

ሉንግ ፕራሶፕ ግንባሩን ቋጠረ። «‹መልሱን አግኝተናል› ትላለች። ‹ፓ ድሮ እንደምትወቅጠው ነው የምትወቅጠው። የዘንድሮ አሳማ መኖው ስለተለወጠ ሥጋው ለስልሷል። ጥፋቱ የአሳማው ነው።›»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ በረካ ፊት ራሳቸውን ነቀነቁ። ላምዱዋን ታንግሞን አየቻት። ልጅቷ ወለሉን ነው የምታየው፤ ሁለቱ ጓደኞቿም ወለሉን። ከኋላ የተቀመጡት የንጹሕ ጥፍር ልጆች፣ የጭፈራዎቹ ሴቶች፣ የሞተሮቹ ልጆች ሁሉ ወለሉን። ሁሉም ያውቃሉ። ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፤ ተማክረው አሳማው ላይ ለጠፉት።

ክሩ አራያ ተነሳች። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ማስረጃችሁ ምንድን ነው አለች» አለ ሉንግ ፕራሶፕ በሹክሹክታ።

ማንም አልመለሰም። ክሩ አራያ ደግማ ጠየቀች፣ ቀስ ብላ፣ ፊቷ እየቀላ። የአሥር ሳምንት ድካሟ እዚያ ወለል ላይ ተኝቷል። የታንግሞ ዓይን እንባ ሞላ። ልጅቷ ዋሽታ ቆማለች፤ በራሷ አፍ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ በመምህሯ ፊት፤ ለማን ብላ? ጭኗ ላይ ዘጠኝ ድብልብል ደብቃ ለተቀመጠች አሮጊት።

ላምዱዋን እዚያ ወንበር ላይ ዝም ብትል መደቡ የሷ ነበር። ሰሌዳውም፣ ማራገቢያውም። ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ተነሳች። «አሳማውን ተዉት» አለች። «አሳማው ምን አደረገ።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ወደ ፊት ሄዳ ጨርቁን ገለጠች፣ አንዷን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ጣለቻት። እስከ አፍንጫ ነጠረች። ከዚያ መደቧ ላይ ካለው ድስት አንዷን በማንኪያ አምጥታ ጣለች። ሳትነጥር ቀረች፣ ተንከባልላ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጫማ ሥር ገባች።

«ይቺኛዋ የእጄ ናት። ዛሬ ጠዋት ዘጠኝ ነው የቻልኩት። ይቺኛዋ ከታፓን ሂን ገበያ ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ነው የምገዛው። ትከሻዬ እምቢ ብሎኝ ነው። ሙቀጫ ነው፣ ማሽን ነው፣ የእህቴ ልጅ ናት ያልኳችሁ ውሸት ነው። እህቴ ሴት ልጅ የላትም።» ወደ ታንግሞ ዞረች። «በይ፣ አሁን ይኼን በእንግሊዝኛ አድርጊው።»

ልጅቷ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ቃል ፈለገች፤ ትከሻ የሚለውን አጣችውና የራሷን ትከሻ ያዘች። ክሩ አራያ አልነገረቻትም፤ ጠበቀቻት። ከኋላ አንዱ የሞተር ልጅ ቃሉን ወረወረላት። ታንግሞ ጀመረች፤ አጭር አጭር አድርጋ፣ እየቆመች፣ ቀና ብላ። ላምዱዋን አንድም ቃል አልገባትም። ግን ልጅቷ ወለሉን እያየች አልነበረም።

ኮሚቴው በመጋቢት ተሰበሰበ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው መጥተው ነገሯት፣ ዓይኗን ሳያዩ። «ሰሌዳው ይውረድ፣ ፓ። መደቡ ይቆይልዎታል፤ ግን ወደ መታጠቢያው በኩል ነው። ሕግ ሕግ ነው።»

«ገብቶኛል» አለች።

ከማራገቢያው ሥር ጄ ሙይ ገባች። በመጀመሪያው ቀን አንድ ብርጭቆ የበረዶ ሻይ ይዛ እስከ መታጠቢያው ድረስ መጣች። «ክሩዋ ነች ያስነሳችሽ፣ አልነገርኩሽም?» አለች። ላምዱዋን ሻዩን ተቀበለችና ከመጠጣቷ በፊት አሸተተችው። ሰሌዳውን ሉንግ ፕራሶፕ አውርዶ ቤቷ ድረስ አደረሰላት። ቀለም ልቀባው ብላ ነበር፤ የሳኒትን «በእጅ» የምትል ቃል ግን እጇ አልደፈራትም። ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ከሙቀጫው በላይ ሰቀለችው። እዚያ እውነት ነው።

በግንቦት ትምህርት ሲከፈት ክሩ አራያ የቀድሞውን ጠረጴዛ ትታ መታጠቢያው አጠገብ ካለው ላይ ተቀመጠች፣ አዲስ ወረቀት ዘርግታ። አዲስ ልጆች መጡና እጃቸውን አጋጥመው «ፓ፣ ደህና ነዎት?» አሏት።

«ለየትኛው ትምህርት ነው?» አለቻቸው።

አንድ ነገር ግን አልለቀቃትም ነበር። ያን ላስቲክ ያየች ልጅ ለምን ዝም አለች? በሕይወቷ ሙሉ መጠየቅን የጠላች ሴት፣ አሁን የራሷ ጥያቄ ነበራት። ዘው ብላ አልጠየቀችም፤ እሱን ከክሩዋ ትምህርት አይታለች። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ደንበኛ ጋብ ሲል፣ ታንግሞ ብቻዋን ከምትበላበት አጠገብ እየተቀመጠች ነጭ ሽንኩርት ላጠች። ስለ ወንዙ አወሩ፣ ስለ አያትየው ጉልበት አወሩ። አርብ ዕለት ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

ታንግሞ ማንኪያዋን አቆመች። ፈገግ አለች። «አራት መልስ አለኝ፣ ፓ። የቱን ልንገርዎ?»

ላምዱዋን ሽንኩርቱን ወደ ጎን ገፋችና ወንበሯን አስጠጋች።

«አራቱንም ንገሪኝ» አለች። «ጠጠሩን እኔ እለቅመዋለሁ።»